የአለቃን ሥነ ምግባር በመጠይቅ ማጥናት ያስኬዳል? (ሐዋሳ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ)

ሐይቅ ዳር (ጥያቄውን ያቀረበች)

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ኮርስ ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። የማጠናው የቅርብ አለቃ ሥነ ምግባርና ሠራተኛው በሥራ ቦታ ያየውን ጥፋት ለመናገር ያለው ድፍረት ምን ያህል እንደሚያያዙ ነው። ቦታው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ከዚህ በታች የምጽፈውንም ሰዎቹ እንዳይታወቁ ነካ ነካ አድርጌ ቀይሬዋለሁ።

መለኪያዬ ብራውን፣ ትሬቪኞና ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ባለ 10 ጥያቄው ነው። ሠራተኛው ስለ አለቃው ይመልሳል፦ ሠራተኞች የሚሉትን ያዳምጣል? ውሳኔው ሚዛናዊ ነው? የሥነ ምግባር ደንብ የጣሰውን ይቀጣል? ስኬትን የሚለካው በውጤቱ ብቻ ነው ወይስ ውጤቱ በተገኘበት መንገድም ጭምር? መልሱ ከ1 “በጣም አልስማማም” እስከ 5 “በጣም እስማማለሁ” ነው።

ዋናውን መረጃ ከመሰብሰቤ በፊት ለሙከራ ለጥቂት ሰዎች በተንኩ። የተመለሰው ወረቀት ከላይ እስከ ታች 5፣ 5፣ 4፣ 5 ነው። አማካሪዬ ክሮንባክ አልፋውን (የጥያቄዎቹ መልሶች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየውን ቁጥር) አይተው “ከ0.70 በላይ ነው፣ ቀጥዪ” አሉኝ። በማግስቱ ግን ከሞሉት ሴቶች አንዷ ሻይ እየጠጣን አለቃዋ ያልተወጣ መስክ አበል እንደሚፈርም፣ ይህን የጠየቀ ባልደረባዋም ወንበሩን እንዳጣ አጫወተችኝ። “ታዲያ ወረቀቱ ላይ ምን አልሽ?” ብላት፣ “አምስት ነዋ! ምን ልበል? ወረቀቱን ዞሮ የሰበሰበው እኮ የሰው ሀብት ኃላፊው ነው” አለችኝ።

በዚህ ከቀጠልኩ ጽሑፌ “የመሥሪያ ቤቱ አመራር ሥነ ምግባር ከፍተኛ ነው” ብሎ ይወጣል። የሚቀጥለው ተማሪ ደግሞ እኔን ጠቅሶ ይጽፋል። ይህ እንቅልፍ ነሥቶኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምን አደረጋችሁ?

የታቦር ሥር

እህቴ፣ አማካሪሽ ቀጥዪ ካሉሽ ቀጥዪ። እኔም ባለፈው ዓመት እንዲሁ ነው የጨረስኩት። ጊዜውም ገንዘቡም የለም። “የጥናቱ ውስንነት” በሚለው ክፍል ሁለት መስመር ጻፊበትና እለፊው። ዲፌንስ ላይ የሚጠየቀው ናሙናው እንዴት እንደተሰላ ነው፣ ወረቀቱን ማን እንደሰበሰበው አይደለም።

የሪሰርች መምህር

@የታቦር ሥር፣ ወንድሜ፣ ዲፌንስ ላይ የማይጠየቀው እኛ መምህራን ስለማንጠይቅ ነው። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም በሁለት መስመር የሚታለፍ ነገር አይደለም።

@ሐይቅ ዳር፣ ያገኘሽው ትልቅ ነገር ነው። አልፋ የሚነግርሽ መልሶቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ነው። ፈርቶ 5 የሞላ ሰው ከላይ እስከ ታች 5 ይሞላልና አልፋው እንዲያውም ከፍ ሊል ይችላል። አለመፍራቱን፣ እውነት መናገሩን ግን አይነግርሽም።

መጠይቁ የሄደበትን መንገድ ተከተዪው። ዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፣ ኃላፊው ለሰው ሀብት ይመራዋል፣ ሰው ሀብት በየክፍሉ አለቃ በኩል ይበትናል። ሠራተኛው እጅ ሲደርስ የአለቃው ማኅተም ያረፈበት ትእዛዝ ሆኗል። ላዩ ላይ “ስም መጻፍ አያስፈልግም” ቢባልም የመጀመሪያው ገጽ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመንና የሥራ መደብ ይጠይቃል። ስምንት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ “ሴት፣ ከ30 እስከ 35፣ ዲግሪ፣ 7 ዓመት፣ ሒሳብ ሠራተኛ” ብሎ መሙላት ስም ከመጻፍ በምን ይለያል? ያ ገጽ ከልማድ የሚገባ ነው። ለትንተናሽ የማያስፈልግሽን ሁሉ ሰርዢ። ዕድሜን የምትተነትኚበት መላ ምት ከሌለሽ ዕድሜ አትጠይቂ።

ሌላው፣ ስለ አለቃውም ስለ ራሱ ድፍረትም ያው ሰው፣ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ደቂቃ ከመለሰልሽ ሁለቱ ቁጥሮች ተያይዘው መምጣታቸው አይቀርም። የዕለቱ ስሜቱ ሁለቱንም ይቀባቸዋል። ፖድሳኮፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን በሰፊው ጽፈውበታል። ቢያንስ ሁለቱን ክፍሎች በተለያየ ሳምንት ጠይቂ።

ነርስ ነኝ

ከሕክምናው በኩል አንድ ነገር ላክልበት። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ተመራማሪ በ1990ዎቹ ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ታጠና ነበር። ጥሩ አመራር ያላቸው የነርሶች ቡድኖች ስሕተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ነበር የገመተችው። ያገኘችው ተገላቢጦሹን ነው፦ በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ብዙ ስሕተት ተመዘገበባቸው። እነሱ ይበልጥ ተሳስተው ሳይሆን የተሳሳተው ደፍሮ ስለሚናገር ነው። ከዚያ ተነሥታ ነው እ.ኤ.አ. በ1999 ሰው ሳይሸማቀቅ የሚናገርበት የሥራ ቡድን ምን ዓይነት እንደሆነ የጻፈችው።

እኔ የሠራሁበት አንድ ቦታ የስሕተት መመዝገቢያ ደብተሩ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነበር። ለግምገማ የመጡት ሰዎች ባዶነቱን አይተው አመሰገኑን። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ለዚህ ነው 5፣ 5፣ 5 ሲመጣ ደስ የማይለኝ። የሚያሠጋው የተማረረ ሰው ያለበት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ማንም ምንም የማይልበት ነው።

ጋሼ መዝገብ

ልጆቼ፣ ከመዝገብ ቤት ጀምሬ በየደረጃው አገልግዬ ነው ጡረታ የወጣሁት። አንድ ሁለት ነገር ልበል።

በየቢሮው ግድግዳ ላይ 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተሰቅለዋል፦ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት እያለ የሚሄደው። ሠራተኛው በቃሉ ያውቃቸዋል። ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍልም ቢሮ ተሰጥቶታል። ግን መከታተያ ክፍሉ ያለው እዚያው ግቢ ነው። ወረቀቱም መኪናውም የሚፈቀድለት በዚያው ኃላፊ ፊርማ ነው። የአስተያየት ሳጥኑን ደግሞ ሄዳችሁ እዩት። እኔ የማውቀው አንዱ የተሰቀለው ከኃላፊው በር ትይዩ ነበር፣ ቁልፉም ጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ። ወረቀት የሚያስገባ ሰው ከኃላፊው ክፍል የሚወጣ ባለጉዳይ ሁሉ ያየዋል። ውስጡ አቧራ ብቻ ነበር።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። እሱ ግን የወጣው ለከባድ ወንጀል ነው። “አለቃዬ ለአንዱ ሥልጠና ሰጥቶ ለሌላው ይነፍጋል”፣ “የሥራ አፈጻጸም ነጥቤን በቂም ቆረጠብኝ” የሚለው ሰው እዚያ ውስጥ የለም። የቢሮ ሥነ ምግባር ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ነው።

አገራችን “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ሲባል የኖረባት ናት። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” ብሎ የሚመክርም ነበር። ይህን ሁሉ ይዞ ያደገን ሰው በአንድ ገጽ ወረቀት አለቃህን መዝነው ስትዪው ይቸግረዋል። አስቢበት ልጄ።

የይርጋዓለም ልጅ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በመጨረሻው ላይ አልስማማም። ባህላችን ዝም የሚያሰኝ ነው ብለን ከደመደምን አለቆቹን ነጻ አወጣናቸው ማለት ነው። እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ሶንጎ፣ የሽማግሌዎች ሸንጎው፣ ሲቀመጥ ነገሩ በፊታቸው ይነገራል፣ ይደመጣል፣ የሐላሌ፣ ማለትም የእውነት፣ ነገር ከተነሣ ደግሞ ሀብትም ሥልጣንም አይጋርድም። ያ ሰው ነው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቶ አፉን የሚዘጋው። ሰውየው አልተለወጠም። የተለወጠው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ቢሮው ውስጥ ዕድገቱ፣ ዝውውሩ፣ የአፈጻጸም ነጥቡ በአንድ ሰው እጅ ነው።

ስለዚህ ሐይቅ ዳር፣ ለባህል የሚሰጠውን ምዕራፍ አታርዝሚው። ሞሪሰንና ሚሊከን እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ መሥሪያ ቤት ዝምታ ሲጽፉ ሁለት እምነቶች ለይተዋል፦ “ብናገርም የሚለወጥ የለም” እና “ብናገር እጎዳለሁ”። አሜሪካኖች ናቸው የጻፉት፣ ዝምታው እዚያም አለ። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቂ። መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና።

ጋሼ መዝገብ

@የይርጋዓለም ልጅ፣ ስለ ሶንጎው ያልከው እውነት ነው፣ ተቀብያለሁ። ነገር ግን አለቃውም ከዚያው ኅብረተሰብ የወጣ መሆኑን አትርሳ። እኔ አንድ እጅግ ሐቀኛ አለቃ ነበረኝ። የመንግሥት ብዕር ቤቱ አይወስድም ነበር። ግን ሌላውን አንድ ቀን “ይህን ለምን አደረግህ?” ብሎ አያውቅም። በዙሪያው ሲዘረፍ እሱ ጋዜጣውን ያነብ ነበር። ይህን ሰው ወረቀቱ ላይ ስንት ትሰጡታላችሁ?

የሪሰርች መምህር

ጋሼ፣ የጠየቁት የዚህ ዘርፍ ዋና ጥያቄ ነው። ትሬቪኞ፣ ሃርትማንና ብራውን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሉት ይህንኑ ነው፦ አለቃ ራሱ ጨዋ ሰው መሆኑ ብቻውን አይበቃም፣ ጨዋነትን የሥራው አካል አድርጎ ማውራት፣ መሸለምና መቅጣት አለበት። ራሱን የጠበቀ ግን ዝም ያለ አለቃ በሠራተኛው ዓይን ለሥነ ምግባር ግድ የሌለው ሆኖ ይታያል። ሠራተኛው የሚማረው ከሚያየው ነውና፣ ዝምታውን “እዚህ ቤት ዋናው ነገር ሌላ ነው” ብሎ ይተረጉመዋል።

@ሐይቅ ዳር፣ ስለዚህ የ10ሩን ድምር አማካይ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። “ከሠራተኞች ጋር ስለ ሥነ ምግባር ይወያያል” እና “የጣሰውን ይቀጣል” የሚሉትን ለይተሽ ተመልከቻቸው። “የግል ሕይወቱን በሥነ ምግባር ይመራል” የምትለዋን ደግሞ ተጠንቀቂባት። ሠራተኛው ያንን በምን ያውቃል? ወይ ወሬ ነው የምትሰበስቢው፣ ወይ ግምት። “አላውቅም” የሚል ምርጫ ጨምሪላት።

ፋብሪካ ሰው

ከከተማው ፋብሪካዎች በአንዱ የሰው ሀብት ክፍል ሠርቻለሁ። እዚያም የእርካታ መጠይቅ ይሞላ ነበር። የሚሞላው በምሳ ሰዓት ነው፣ ሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛው ራስ ላይ ቆሞ። ልጆቹ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዷ ብዕሯን አንሥታ ጎረቤቷ የት ላይ ምልክት እንዳደረገች አይታ እሷም እዚያው ታደርጋለች። በሰባት ደቂቃ ሁሉም አልቆ ወደ ማሽን ይመለሳሉ።

አለቃ ሲባል ለእነሱ ሥራ አስኪያጁ አይደለም፣ ስሙንም የማያውቁት አሉ። አለቃቸው መስመሩን የሚመራው ነው፦ ሽንት ቤት ለመሄድ የሚፈቅድ፣ የምትጮኸውን የሚሰድብ፣ ኦቨርታይም የሚመድብ። አሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል፣ እውነት ነው፤ ሠራተኛው አፍንጫ ሥር ያለው ግን ጅራቱ ነው። እና እነዚህ ልጆች አይናገሩም። ይሄዳሉ። አንድ ጠዋት መግቢያው ላይ ካርዳቸው ሳይነበብ ይቀራል፣ በቃ። የሰው ኃይል ፍልሰቱን በየወሩ እናሰላ ነበር፣ ለምን እንደሄዱ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የሪሰርች መምህር

የጠቀስከው በጥናትም የታየ ነው። ሜየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት የላይኛው አመራር ሥነ ምግባር ሠራተኛው ዘንድ የሚደርሰው በቅርብ አለቃው በኩል አልፎ ነው። መሄዱንም አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 አንሥቶታል፦ ያልተመቸው ሰው ወይ ይናገራል ወይ ይወጣል። መናገር ሲዘጋ መውጣት ይበዛል። ስለዚህ የመልቀቂያ ቁጥር ካገኘሽ፣ ሐይቅ ዳር፣ ማንም በፍርሃት ሊያሳምረው የማይችል ምስክር ነው።

ሐይቅ ዳር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቦታውን ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ባዞረው ይሻላል? ሰው በብዛት አለ፣ እኔንም የሚያውቀኝ የለም።

የሪሰርች መምህር

አልመክርሽም። ፓርኩ በ2008 ሐምሌ ሲመረቅ ለብዙ ሺህ ወጣቶች የሥራ ተስፋ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስትወጣ ደግሞ ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ ሠራተኛው በዓይኑ አይቷል። እንጀራው የሚያሠጋው ሰው ስለ አለቃው ቢጠየቅ ፍርሃቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ሰው አምኖሽ ሻይ ላይ የሚነግርሽ አለ፣ ያንን ጥለሽ አትሂጂ።

ስለ ናሙናሽ ግን ንገሪኝ። የናሙና ብዛት የሚሰላበትን የያማኔን ቀመር ነው የተጠቀምሽው?

ሐይቅ ዳር

አዎ። ሠራተኛው 1200 ነው፣ በ0.05 የስሕተት መጠን 1200 ለ 4 (1 + 1200 × 0.05 × 0.05) ተካፍሎ 300 ወጣልኝ።

የሪሰርች መምህር

የቅርብ አለቆቹስ ስንት ናቸው?

ሐይቅ ዳር

በመረጥኳቸው የሥራ ክፍሎች 12።

የሪሰርች መምህር

እንግዲህ ናሙናሽ በዋናው ጉዳይ 12 ነው። 300 ሰው የሚናገረው ስለ 12 ሰዎች ነው። በአንድ አለቃ ሥር ያሉ 25 ሰዎች የሚሰጡሽ መልስ ተመሳሳይ ይሆናል፣ መሆንም አለበት። የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ ግን 300 የተለያዩ አለቆች ያጠናሽ አስመስሎ ኮከብ በኮከብ የሆነ፣ በአጋጣሚ የመጣ የማይመስል ውጤት ይሰጥሻል። ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ቀመር ክፉ አይደለም፣ ለዚህ የተሠራ ግን አይደለም። ክፍሎቹን አብዢ፣ ከየክፍሉ የምትወስጂውን ሰው ቀንሺ። በ40 አለቃ ሥር 7 ወይም 8 ሰው ብትጠይቂ ያው 300 ነው፣ ብዙ እጥፍ ግን ይነግርሻል።

አለቃው መቼ እንደመጣም መዝግቢ። ሐዋሳ ውስጥ ባለፉት ዓመታት የመሥሪያ ቤት መዋቅር ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ ታውቂያለሽ፣ የሲዳማ ክልል በ2012 ከተመሠረተ ወዲህ በተለይ። ሦስት ወር ያልሞላው አለቃ ስለ ቀድሞው ሰው በተሰጠ መልስ እንዳይመዘን።

ቁጥር ወዳድ

አበሉን የመሰለ አስፈሪ ጥያቄ ካለሽ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 ነው መንገዱን የከፈተው፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ወጥቶለታል። ቀላሉ ይህ ነው፦ ለሰውየው ሳንቲም ትሰጪዋለሽ። ዞር ብሎ ብቻውን ይወረውራል። አንበሳ ከወጣ፣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን “አዎ” ይላል። በሌላው ወገን ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። የወጣውን ከእሱ በቀር ማንም አያይም፣ አንቺም ጭምር። ስለዚህ “አዎ” ያለ ሰው በምንም አይያዝም።

ለምሳሌ 100 ሰው ጠየቅሽ እንበልና 70 “አዎ” አሉ። 50 ያህሉን ሳንቲሙ ነው ያስባላቸው። እውነቱን ከመለሱት 50 ውስጥ ደግሞ 20ዎቹ “አዎ” ብለዋል ማለት ነው፣ 40 በመቶ። የማንንም ሚስጥር ሳታውቂ የቤቱን መጠን አወቅሽ። ጉዳቱ ብዙ ሰው መፈለጉ ነው፣ ለ30 ሰው አይሠራም። ሰዎቹም ዘዴው እንዴት እንደሚጠብቃቸው በደንብ ሊገባቸው ይገባል፣ ካልገባቸው እንደ ቁማር ያዩታል።

የታቦር ሥር

መምህር፣ ይህን ሁሉ ከማድረግ 15 ሰው በደንብ ቃለ መጠይቅ ማድረግ አይሻልም? ቁጥሩ ከዋሸ ቁጥሩን መተው ነው።

የሪሰርች መምህር

ግማሹ ትክክል ነው። ቃለ መጠይቁ ይጨመር፤ ቁጥሩ ግን አይጣል። 15 ሰው ታሪኩን ይነግርሃል፣ ታሪኩ የስንት ክፍል እንደሆነ ግን አይነግርህም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊም “አሥራ አምስት አኩራፊ አግኝታ ነው” ብሎ ያጣጥለዋል።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ነገር እለምንሻለሁ፣ ሐይቅ ዳር። በስልክ አትቅጂ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይከፈታል፣ ፋይሉም ሳይታሰብ ቴሌግራም ላይ ይላካል። በእጅ ጻፊ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ስጪ። ቀጥሎ፣ “አለቃሽ እንዲህ ያደርጋል?” አትበዪ። “በአንድ መሥሪያ ቤት አለቃው ያልተወጣ መስክ አበል እንዲፈርሙ ሠራተኞቹን ጠየቀ። እዚህ ከተማ ባለ ቢሮ ይህ ቢሆን ሠራተኞቹ ምን ያደርጋሉ ብለሽ ታስቢያለሽ?” በዪ። ስለ ሌላ ሰው እያወራች የራሷን ታወራሻለች፤ ስትፈልግም ማቆም ትችላለች።

ፋብሪካ ሰው

ቦታውንም አስቢበት። ቢሮ አካባቢ ካለ ካፌ ይልቅ ራቅ ያለ ይሻላል። ሐይቁ ዳር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ቢያወሩ ማንም ዞሮ አያይም።

ሐይቅ ዳር

ከአማካሪዬ ጋር ዛሬ ተነጋገርኩ። መጀመሪያ “ጊዜ ይፈጅብሻል” አሉኝ። ልጅቷ ያለችኝን፣ ማን እንደሆነች ሳልናገር፣ ስነግራቸው ዝም ብለው አሰቡና ተስማሙ። መጠይቁ ከእንግዲህ በሰው ሀብት በኩል አያልፍም። እኔው ራሴ በጠዋት መግቢያ ሰዓት ከመልስ ማሸጊያ ፖስታ ጋር እሰጣለሁ፣ የታሸገውን ከግቢው ውጭ እቀበላለሁ። ከ5 ሰው በታች የመለሰበት ክፍል ውጤት ለብቻው አይወጣም፣ ለኃላፊውም የሚሰጠው የአጠቃላዩ ብቻ ነው። የሳንቲሙን ዘዴ ለአንድ ጥያቄ ብቻ እሞክረዋለሁ።

የመግቢያ ጽሑፉን እንዲህ ጻፍኩት፣ እስቲ ተመልከቱልኝ፦

“ይህን ጥናት የማካሂደው ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ነው። መሥሪያ ቤትዎ አላዘዘውም፣ የመለሱትንም አያየውም። አለመመለስ ይችላሉ፣ ጀምረው መተውም ይችላሉ፣ ባዶውን አሽገው ቢመልሱም ማንም አያውቅም። ስም፣ ዕድሜና የሥራ መደብ አይጠየቁም። ለመሳተፍ ከተስማሙ እዚህ ላይ ይፈርሙ።”

ጋሼ መዝገብ

ጥሩ ነው ልጄ። “ባዶውን አሽገው ቢመልሱም” ያልሽው በተለይ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሁሉ መልሷል ከተባለ ያልመለሰው አይለይም።

የሪሰርች መምህር

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አውጪያት። በፊርማው ስሙ ይታወቃል፤ ከላይ የገባሽለትን ቃል ያፈርስብሻል። “ሞልተው አሽገው መመለስዎ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል” በዪና ያንኑ ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አስገቢ። ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ አስረጃቸው፣ ይቀበሉሻል።

ሐይቅ ዳር

አወጣኋት መምህር። ሰኞ አስገባለሁ።